በግድግዳ ሥዕል መርዶ የነገርኩበት ጠዋት

እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ባጃጅ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ብረቱን ያዝ አድርጉ።

ዛሬ ጠዋት መርዶ ነገርኩ!

አዎ፣ እኔው! የሱቅ ታፔላ የምጽፈው፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ የምሥለው እኔ! እናት ከቤቷ ጠርቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት አቁሜ፣ ደረት አስደቃሁ።

ሟች የተባለው ልጅ ደግሞ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።

ስድብ ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ስጨርስ አብረን እኔኑ እንሰድባለን።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። እዚህ ላሊበላ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ኦርላ የምትባል አየርላንዳዊት ትንሽ ሎጅ አላት። ከኛ ጋር ብዙ ስለኖረች አማርኛዋ ከአንዳንድ የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ይሻላል፤ ሽማግሌውንም ቄሱንም «አንተ» ከማለቷ በቀር። ጠራችኝና የምግብ አዳራሹን ትልቁን ግድግዳ አሳየችኝ።

«ሳዊን ሣዪልኝ» አለችኝ።

ሳዊን ምንድነው አትሉም? እኔም ብያለሁ።

ሳዊን በእሷ አገር ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበሩ ሰዎች በዓል ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ሲያልቅ፣ ከብቱ ከተራራ ሲወርድ፣ የብርሃኑ ወራት አልፎ የጨለማው ሲገባ ይከበራል። ትልቅ እሳት ይነዳል። ሰው ፊቱን በገለባ ጭንብል ይሸፍናል። በዚያን ቀን በሙታንና በሕያዋን መሃል ያለው በር ይከፈትና ሙታኑ ወደየቤታቸው ይመጣሉ። ቤተሰቡም ወንበር አዘጋጅቶ፣ ምግብ አቅርቦ ይጠብቃቸዋል።

በኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሃያ አንድ ላይ ይውላል። በማርያም ቀን!

ይህን ለአባዬ ነገርኳቸው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከብልባላ ጀምሮ በየገጠሩ ደብር እጃቸው አለበት። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ብሩሹን ለእኔ ትተውልኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ያደረስኩት ባጃጅ ጀርባ ድረስ ነው።

«አረማዊ ነገር ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አባዬ! ዲኮር ነው እንጂ!»

«ቀንድ ያለው አለበት?»

«አንድ ሰው ብቻ…»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

በኛ ቤት ይህ ቃል ከተባለ ነገሩ አልተወደደም ማለት ነው። እኔ ግን ሥራው አጓጉቶኝ ነበር። ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ሥሪ ያለኝ ሰው እስከዛሬ የለማ!

ዲዛይኑን ኦርላ በወረቀት አሳትማ ሰጠችኝ። በግራ በኩል እሳትና ከብት፣ መሃል ላይ ቀንዳሙ ሰውዬ፣ በቀኝ በኩል የተከፈተ በርና ከበሩ የሚወጡ ሃያ ሙታን። የቀንዳሙ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰነጣጠቀ ነው። የኔ እጅ ደግሞ የሚያውቀው የአጋዘን ቀንድ ነው፣ ጥምዝምዙን። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ተጠማዘዘብኝ። ኦርላ አይታ «በጣም ላስታ ሆኗል!» ብላ አቀፈችኝ፣ ተረፍኩ።

ቀንዱን ተዉት። ጉዱ ያለው ሙታኑ ጋ ነው።

ዲዛይኑ ላይ ሙታኑ ፊት የላቸውም። ሁሉም ተሸፋፍነዋል። ኦርላ «ፊታቸውን አንቺ ፍጠሪ» አለችኝ። እንዴት ነው ፊት የሚፈጠረው? አባዬ ያወረሱኝ ሣጥን ውስጥ ያለው የፊት ወረቀት ሁለት ብቻ ነው። ወረቀቱ በመርፌ የተበሳሳ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ የከሰል ዱቄት ስታሹበት የፊቱ መስመር ይወርዳል።

አንደኛው የቅዱሳን ነው። ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለት ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ።

ሁለተኛው የኃጥአን ነው። በጎኑ ዞሯል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ ቀና ብላችሁ ካያችሁ ይሁዳም፣ ጌታን የያዙት ወታደሮችም እንደዚያው ናቸው። ይህን በኛ አገር ሕፃኑም ያውቀዋል።

እና የኦርላ ሙታን በየትኛው ይውረዱ? ሁለት ቀን አሰብኩበት። አልተጠመቁም። ሁለት ዓይን ብሰጣቸው አባዬን ማሳፈር ነው። ስለዚህ ሁሉንም በኃጥአን ወረቀት ደረደርኳቸው። አየርላንዶች ይቅር በሉኝ!

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ወረቀቱ አፍንጫው ጋ ተቀደደ። ከከረመበት ሣጥን ወጥቶ ያን ሁሉ ፊት ማውረዱም ደግ ነው።

ሃያኛውን በእጄ ሣልኩት። እበሩ ላይ የቆመ ወጣት ነው፤ አንድ እግሩ ገብቷል፣ አንዱ አልገባም።

ዓይን መጨረሻ ነው የሚሣለው። አባዬ ሲያስተምሩኝ «ዓይን ከሰጠሽው ያይሻል፤ ካየሽ እጅሽ ይፈራል» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ የሃያዎቹንም ዓይን ባዶውን ትቼ፣ ሥዕሉን የሚሸፍነውን መጋረጃ ስቤ፣ የአዳራሹን ቁልፍ ለኦርላ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እዚህ ጋ ኮሜንት እንዳትጽፉ፣ አልጠጣሁም!

በነጋታው መጋረጃውን ገለጥኩት። አሥራ ዘጠኙ ዓይን የላቸውም።

ሃያኛው አየኝ።

ሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት፣ ያለቀለት ሥራ። ብሌኑ ላይ እንኳን ነጯ ነጥብ ተደርጋለች። ያቺን ነጥብ አባዬ ብቻ ናቸው እንዲህ የሚያደርጓት፤ ከእሳቸው ደግሞ እኔ ተምሬያታለሁ።

ኦርላን ስጠይቃት ቁልፉን ከኪሷ አወጣችው። «እኔ የጨረስሽው መስሎኝ ነበር» አለች። ጥፍሮቼን አየኋቸው፣ ሥራቸው ጥቁር ቀለም ነው። እንግዲህ እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይሆናል? ግን ስሥለው አላስታውስም። አሁንም ይህን ስጽፍላችሁ አላስታውስም።

ወደ ግራ ሄድኩ፣ አየኝ። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ አየኝ። ፊት ለፊት የተሣለ ዓይን ሁሉ እንዲህ እንደሚከተል አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው። ቢሆንም ጀርባዬን ሰጥቼው ብሩሽ ማጠብ አልቻልኩም።

ከዚያ ነው ማን እንደሆነ ያወቅኩት።

ሲሳይ ነው።

ሲሳይን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ፈንታነሽ የሚባሉ ጎረቤት አሉን፤ የኦርላ ሎጅ ምግብ አብሳይም ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ሲሳይ ነው። አራት ዓመት ሆነው፤ በዚያ በክፉው ጊዜ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ «ኮን ገበያ ደርሼ እህል ይዤ ልምጣ» ብሎ በእግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሞተ ያለ የለም። አየሁት ያለም የለም።

ጎረቤቱ ስንት ጊዜ «እትዬ፣ እርምዎን ያውጡ፣ እናልቅስለት» ብሏቸዋል። እሳቸው አይሰሙም። ስለ ልጃቸው ሲያወሩ «ነበር» ብለው አያውቁም። «ሲሳይ ሽሮ አይወድም» ነው የሚሉት፣ አሁን ከጓዳ የሚወጣ ይመስል። እኛም አብረናቸው «አዎ፣ አይወድም» እንላለን። ሴትዮዋን በእግራቸው ያቆማቸው ይኸው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይነካባቸውም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማለቴ ነው።

እሺ፣ አሁን ሚስጥር ልንገራችሁ። ለናንተ ለዚህ ሁሉ ሰው የሚነገር ሚስጥር ከሆነ።

ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ የምሥለው የሲሳይን ፊት ነው። ሒሳብ ለምን እንደወደቅኩ አሁን ገባችሁ? እሱ አያውቅም። ማንም አያውቅም። የወጣ ዕለት መንገድ ላይ አገኘኝና «ኮን ደርሼ ልመጣ ነው፣ ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ምንም! እንዲህ ያለ ጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እና እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከሙታን መሃል ቆሞ እያየኝ ነው። በተጨማሪም ከግራ ቅንድቡ በላይ ቀጭን መስመር አለች። ሲሳይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረበትም፤ ያን ግንባር እኔ እንደ ፊደል ነው የማውቀው። የግድግዳ ስንጥቅ መስላኝ በጣቴ ብፈትሸው ስንጥቅ አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ባሸው አልለቀቀም።

ነጭ ቀለም ነክሬ ልደፍነው ብሩሽ አነሳሁ። ዓይኑ ላይ ሊያርፍ ሲል እጄ ቆመ። እያየኝ እንዴት አድርጌ ልደፍነው?

በሱ ፋንታ የአሥራ ዘጠኙን አንድ አንድ ዓይን ጨረስኩ፤ ለሱ ደግሞ የገለባ ባርኔጣ ደፋሁለትና ራሴን አታለልኩ። «ሰው ሁሉ ቀንዳሙን ነው የሚያየው፣ ይህን ማን ልብ ይለዋል?» አልኩ። አዎ፣ ባርኔጣ! የዓመቱ ምርጥ መላ!

ቀኑ ደረሰ። ኦርላ ምረቃውን ሲመሽ ልታደርገው ነበር ያሰበችው። ግን ጊዜውን ታውቁታላችሁ፣ ሲመሽ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ወደ ንጋት ዞረ፤ ሰው ከማርያም ሲመለስ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ። ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣም ስላለ ጉሙ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ይውጠዋል።

ኦርላ ሦስት ነገር አዘዘች። አንድ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይግባ። ሁለት፣ በጠረጴዛው ራስ አንድ ወንበርና አንድ ሳህን ባዶ ይቀመጥ። ሦስተኛውን ለእኔ ነው ያዘዘችው።

«ፈንታነሽ ዛሬ ምግብ አትሠራም፣ እንግዳ ናት። አንቺ ሄደሽ አምጪያት። ምን እንደሆነ እንዳትነግሪያት፣ ሰርፕራይዝ ነው።»

ሄድኩ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ በራቸውን በእጄ ነው ያገኘሁት። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እስኪ አንዴ ይምጡ።»

በሩን ከፈቱና ፊቴን አዩ። «ምነው? ደህና?»

«ምንም የለም፣ ዝም ብለው ይምጡ።»

«የት?»

«ሎጁ ጋ ነው። ሰዎች ይጠብቁዎታል።»

«እነማን?»

«ሁሉም አሉ። አባዬም አሉ።»

«አባትሽ? በዚህ ጠዋት?»

«ይምጡ እንጂ እትዬ፣ አይዞዎት።»

አይዞዎት አልኩ! ለምን እንዳልኩት እኔም አላውቅ። ዳገቱን ብዬ ይሆናል።

ጫማቸውን አጠለቁ፤ አንደኛው የሳቸው አልነበረም። «ቤቱን ልቆልፍ?» አሉኝ። «ኧረ ክፍት ይሁን» አልኳቸው። ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። በጉሙ እንዳይወድቁ መሰለኝ። መንገድ ሙሉ ሰርፕራይዙን እንዳላበላሽ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

ወገኖቼ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ልንገራችሁ ወይስ አሁን ገባችሁ? ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። ምንም የለም ይባላል። ሽማግሌ ቀድሞ ይሰበሰባል። ሁሉም ዝም ይላል። እኔ ስንት የሰፈር መርዶ ላይ የቆምኩ ሰው፣ አንዱን እንኳ ሳላጎድል በራሴ እግር ሄጄ ፈጸምኩት!

አዳራሹ በር ላይ ደረስን። ውስጡ ጨለም ብሏል። አርባ የሚሆን ሰው፣ ጉሙ ስላበረደው ነጠላና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። እሳቸው ሲገቡ የተቀመጡትም ተነሱ፤ ለትልቅ ሰው መነሳት ወጋችን ነውና። ኦርላ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። በጠረጴዛው ራስ ባዶ ወንበር አለ። መስኮቱ ላይ ኦርላ ዓይንና ጥርስ ያወጣችላቸው ዱባዎች በሻማ ይስቃሉ።

ኦርላ መጋረጃውን ሳበችው።

እሳቱ ታየ። ቀንዳሙ ታየ። ሙታኑ በአንድ ዓይናቸው ተሰልፈው ታዩ። ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ሲሳይ።

ባርኔጣው ምንም አልሸፈነም።

እትዬ ፈንታነሽ ግድግዳውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን!»

ደረታቸውን ሲመቱ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

በኛ አገር አንዱ ካለቀሰ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰዉ ሁሉ «ለካ ለዚህ ነው የተጠራነው» አለና ለቀቀው። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። ሴቶቹ አራት ዓመት ሙሉ ያፈኑትን ለቅሶ በአንዴ አወረዱት። ኦርላ ደግሞ በሥዕሉ የተነኩ መስሏት እጇን ልቧ ላይ አድርጋ፣ እያለቀሰች፣ በስልኳ ትቀርጻለች!

እኔ? እኔ በር ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ። ሲሳይ ከሁሉም ሰው በላይ እኔን ያያል።

ከዚያ ከውጭ ጥሩምባ ሰማሁ።

የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ! ዕድር የምትሉትን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ልቅሶውን ሰምቶ ሥራውን ጀምሯል። ጥሩምባ ከተነፋልህ ሞተሃል፣ አለቀ። ከተማው ያለቅሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ስምህ ከጸሎት መጽሐፍ የሙታን ገጽ ላይ ይገባል።

ያኔ ነው እግሬ የነቃው። እየጮህኩ ወጣሁ። «አቁም! በእመቤቴ አቁም! አልሞተም!» ጉሙ ውስጥ ተከትዬው ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሰውዬው ጥሩምባውን ከአፉ አንስቶ «ማነው ያልሞተው?» አለኝ። ሁለት ጊዜ ነፍቶ ነበር።

ስመለስ አዳራሹ ውስጥ አባዬ በትራቸውን ወለሉ ላይ መትተው ሰዉን ጸጥ አድርገዋል።

«ይህን መርዶ ያመጣው ማነው?» አሉ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አላመጣም። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጉልበቴ ላይ ጭቃ፣ ጥፍሬ ላይ ቀለም።

«ልጄ፣ ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም አባዬ።»

«ታዲያ ልጁ ግድግዳው ላይ ነው ይሉኛል። ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ… ሳላስበው ነው። ወረቀቱ ተቀደደብኝና በእጄ ሣልኩ።»

«በእጅሽ ስትሥዪ ለምን እሱ መጣ?»

እንግዲህ አርባ ሰው ነው ያለው። ሰፈሬ ነው። አባቴ ናቸው። ለቅሶ ላይ ነን።

«ፊቱን ስለማውቀው ነው» አልኩ።

«ሁላችንም እናውቀዋለን» አለች አንዲት ጎረቤታችን፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እኔ… ትንሽ አብልጬ ነው የማውቀው።»

አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን እያጣራሁ ነው፣ በለቅሶው መሃል ሳቁ አመለጠው! አባዬ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔ በሕይወቴ ግድግዳ ውስጥ መግባት የተመኘሁት ያኔ ነው፤ በኋላ ግን ግድግዳው ውስጥ እነማን እንዳሉ አስታወስኩና ተውኩት።

እትዬ ፈንታነሽ ለቅሷቸውን አቆሙ። ተነሱና ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አንድ ባንድ፣ ከግራ ጀምረው፣ ሙታኑን በጣታቸው እየነኩ አለፉ።

«አንድ ዓይን። አንድ ዓይን። ይህም አንድ ዓይን።»

ሲሳይ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ሁለት አለው። እያየኝ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ልጅዎ ሞቷል ነው ያልሽኝ?»

«አላልኩም እትዬ። አፈር ስሆን፣ አላልኩም።»

«ታዲያ ከነዚህ መሃል ምን ይሠራል? አውጪልኝ!»

እንዴት አድርጌ ላውጣው? ግድግዳ ነው! ሰውን ከግድግዳ እንዴት ያወጡታል? እሱን ቀለም ብቀባበት ደግሞ በገዛ እጄ መቅበሬ ነው።

አባዬ ናቸው ከጋቢያቸው ውስጥ የተናገሩት። «እሱን ተይው። ሌሎቹን አጥፊ።»

ኦርላን አየኋት። የአንድ ወር ሥራ፣ የአያቶቿ በዓል፣ የናፈቀችው አገሯ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያቺን ባዶ ወንበር ለሲሳይ ብላ እንዳስቀመጠቻት የነገረችኝ በኋላ ነው፤ በአገሯ ለሚናፈቅ ሰው እንዲህ ይደረጋልና ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር። ወጣችና አንድ ባልዲ ነጭ ቀለምና ሁለት ሮለር ይዛ ተመለሰች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሁለታችን ቀባን። ሰዉ ቆሞ አየን። እሳቱ ጠፋ፣ ከብቱ ጠፋ፣ ቀንዳሙ ከነጥምዝምዙ ጠፋ። አሥራ ዘጠኙ አንድ ባንድ ነጩ ውስጥ ገቡ። የመጨረሻው ላይ ሮለሩን ሳሳርፍ ያቺ አንድ ዓይኑ ከነጩ ሥር ለረጅም ጊዜ አልጠፋ ብላኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ቀባኋት።

ውጭ የቅሬው ድንኳን በባጃጅ ተጭኖ ደርሶ ነበር። ሁለቱን ጥሩምባ የሰማ የከተማው ሰው እስከ ቀትር ድረስ እያለቀሰ ሲመጣ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «አልሞተም፣ ስህተት ነው፣ የኔ ስህተት ነው» እያልኩ መለስኩ። ስንት ሰው «ስህተት እንዴት?» እንዳለኝና ስንት ጊዜ እንደተናዘዝኩ አትጠይቁኝ። ኦርላ የመጣውን ሁሉ የዱባ ወጥ አበላች። ዱባዎቹ ዓይናቸው ስለወጣ ለመክተፍ ቀሎ ነበር።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዉ ሄዷል። ጉሙ ገና አሁን ተገፈፈ። አዳራሹ ውስጥ እኔና እትዬ ፈንታነሽ ብቻ ቀረን፤ ከፊታችን ሰፊ ነጭ ግድግዳ፣ በነጩ ላይ አንድ ክፍት በርና አንድ ሰው።

ያቺን ባዶ ወንበር ስበው ከፊቱ ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና ጣታቸውን ከግራ ቅንድቡ በላይ አሳረፉ።

«ይህችን ጠባሳ ከየት አመጣሻት?»

«አላውቅም እትዬ። አልነበረችበትም፣ አውቃለሁ። ላጥፋት ብዬ አልለቅ ብላኝ ነው።»

«አልነበረችበትም» አሉ። መስመሯን ከዳር እስከ ዳር ዳበሷት። «ቆስሎ ኖሯል። እዪ፣ ሽሯል። ጠባሳ የሚሆነው የዳነ ነው።»

እሳቸው ከአራት ዓመት ወዲህ አይቼ የማላውቀው ፊት ነበራቸው፤ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ፊት።

«ደሞ ይህ የልጅ ፊት ነው» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አራት ዓመት ሆኖታል እኮ። ሲሳይ አሁን ፂም አለው። ጨምሪለት። በየዓመቱም እየመጣሽ ታስተካክዪዋለሽ። አንቺ አብልጠሽ የምታውቂው አይደለሽ?»

ይህን ብለው ለእራት ሽንኩርት ሊልጡ ሄዱ።

እና ይኸው፣ ብሩሽ ይዤ ከፊቱ ቆሜ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። እያየኝ ነው። ከዛሬ የተማርኩት ምንድነው ብትሉኝ፣ ሰው ምን ላምጣልሽ ሲላችሁ ምንም አትበሉ። በኋላ ዕዳው በግድግዳ ይመጣል።

ሳቃችሁን ስትጨርሱ ይህን ፖስት ሼር አድርጉልኝ፤ ለእኔ ብላችሁ አይደለም። ከኮንም ወዲያ ይድረስ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ቀጭን ጠባሳ ያለው፣ ሲሳይ የሚባል፣ ሽሮ የማይወድ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እናቱ ቤቱን አልቆለፉም በሉት። ያቺ «ምንም» ያለችህም ዋሽታ ነው በሉት።

ለጊዜው ግን የቸገረኝ አንድ ነገር ነው፣ ቀለሙም እየደረቀብኝ ነው። ፂሙ ሙሉ ነው ወይስ ስስ? ያየው ሰው ይጻፍልኝ።